ጉንዳን፣ አይጥና የሌሊት ወፍ ባሉበት የኮምፒውተር ክፍል ማቋቋም፦ ወደ ውጭ ለሚሄዱ በጎ ፈቃደኞች

«ቫይረስ ገብቶበት ነው» ተብሎ ጥግ የተጣለ ኮምፒውተር ሲፈታ ውስጡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ የጉንዳን ሬሳ፣ የእንሽላሊት ኩስ ወይም አይጥ የቀረጠፈችው ኬብል ነው። በሞቃት አገሮች ገጠር፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በማኅበረሰብ ማዕከል ኮምፒውተር ሊተክልና ሊያስተምር የሚሄድ በጎ ፈቃደኛ ስለ ሶፍትዌሩ ሲዘጋጅ ይከርማል። አራዊቱ ትዝ የሚሉት ግን ፎቶ ማንሳት ሲያምረው ብቻ ነው። ክፍሉን የሚያዘጉት ዝሆንና አንበሳ አይደሉም፤ ከጥፍር የሚያንሱት ናቸው።

ኮምፒውተር ያለበት ክፍል ለእንስሳ የሚመች ቤት ነው። ማሽኑ ይሞቃል፣ ማታ ብርሃን አለ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ ጨለማና ስንጥቅ አይጠፋም፣ ተማሪም ፍርፋሪ ያንጠባጥባል። ሙቀቱ ጉንዳንና በረሮ ይጠራል። ብርሃኑ የእሳት ራትን ያመጣል፣ የእሳት ራቷ እንሽላሊትን። ፍርፋሪው አይጥን፣ አይጧ እባብን ታስከትላለች። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ እባብ ታየ ከተባለ እባቡን ከማባረር ጎን ለጎን የአይጧን ቀዳዳ መፈለግ ግድ ነው፤ ቀዳዳው ካልተደፈነ ሌላ እባብ ይመጣል።

ከመነሳት በፊት

በመጀመሪያ ቪዛ። በብዙ አገር የቱሪስት ቪዛ ደመወዝ ለማይከፈልበት ሥራ እንኳ አያገለግልም። ተቀባዩ ድርጅት የጥሪ ደብዳቤ እንዲጽፍ አድርጉና የትኛው የቪዛ ዓይነት እንደሚያስፈልግ ከኤምባሲው በጽሑፍ ጠይቁ።

ሁለተኛው የሚጫነው ዕቃ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ሰብስቦ መላክ ደግ ሥራ ይመስላል፤ ግማሹ ሳይነሳ ከቀረ ግን ለተቀባዩ የምትተዉት ቆሻሻ ነው። ሕጉም ጠብቋል፦ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር ስለሚዘዋወርበት ሁኔታ በሚደነግገው የባዝል ስምምነት ማሻሻያ መሠረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ፣ አደገኛ ባይሆንም፣ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ካልፈቀደ ድንበር አይሻገርም። ስለዚህ እያንዳንዱ ማሽን ከመጫኑ በፊት ተፈትኖ፣ የፈተናው ወረቀት አብሮት ይሂድ። ምርጫ ካላችሁ ዴስክቶፕን ትታችሁ ላፕቶፕ ውሰዱ። ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ 100 ዋት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ሲበላ ላፕቶፕ ከ20 እስከ 45 ዋት ይበቃዋል፤ መብራት ሲጠፋ የራሱ ባትሪ ይይዘዋል፤ ለጉንዳንና ለበረሮ የሚከፈት ቀዳዳውም ጥቂት ነው። 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ማከማቻ) ካለው ነጻውን ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ሚንትንም ሆነ የቢሮ ሥራ ፕሮግራሙን ሊብሬኦፊስን ያለ ችግር ያስኬዳል።

ትርፍ የላፕቶፕ ባትሪ በአውሮፕላን ሲጓዝ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገባም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 ዋት-ሰዓት ላለው አየር መንገዱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ለመንገደኛ አይፈቀድም። ዋት-ሰዓቱ ካልተጻፈበት ቮልቱን በአምፔር-ሰዓቱ አባዙት፦ 11.1 ቮልት በ5.2 አምፔር-ሰዓት 57.7 ይሆናል።

ክትባትን በተመለከተ የጉዞ ሕክምና ክሊኒክ ከመነሻችሁ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድማችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው። የቢጫ ወባ ካርድ ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ መሥራት ይጀምራል፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህም ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የእብድ ውሻ በሽታ ቅድመ መከላከያ ክትባትን ብዙዎች «ውሻ አልነካም» ብለው ይዘሉታል። ክፍሉ ኮርኒስ ላይ የሌሊት ወፍ ካለ ግን ነገሩ የውሻ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 ጀምሮ የሚመክረው ሁለት መርፌ ነው፤ አንዱ በመጀመሪያው ቀን፣ ሁለተኛው ከሰባት ቀን በኋላ። አስቀድሞ የተከተበ ሰው ቢነከስም ተጨማሪ መርፌ መወጋቱ አይቀርለትም፤ ነገር ግን ገጠር ውስጥ በቀላሉ የማይገኘውን ኢሚውኖግሎቡሊን (የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ያለበት መርፌ) ከመፈለግ ይድናል።

አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ዲት የተባለው የትንኝ መከላከያ ፕላስቲክ ያሟሟል። እጁን ተቀብቶ ኪቦርድ የነካ ሰው የፊደሎቹን ቀለም ይዞ ይነሳል፤ የስልክ ሽፋንና የፕላስቲክ መነጽርም ይበላሻል። ለኮምፒውተር ክፍል ፒካሪዲን ያለበትን ምረጡ። ቀን ክፍል ውስጥ የምትናከሰው ትንኝ ከጠረጴዛ ሥር ጨለማው ውስጥ ቁርጭምጭሚት የምትፈልገው ኤደስ ናት፤ ረጅም ካልሲ ከቅባቱ ያላነሰ ይሠራል። ለማታው አጎበር።

ከመሣሪያ ውስጥ የማይቀሩት ፊሊፕስ ቁጥር 1 እና 2 ካቻቢቴ፣ መልቲሜትር፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ አየር መንፊያ፣ ተርማል ፔስት፣ ሲአር 2032 የማዘርቦርድ ባትሪ፣ የኔትወርክ ኬብል ጫፎችና መጨምደጃው፣ ናስትሮ እንዲሁም አልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ናቸው። የመጨረሻው ለጊንጥ ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን። አይሶፕሮፒል አልኮል እዚያው ግዙ፤ ተቀጣጣይ ስለሆነ በአውሮፕላን አይጓዝም። ጠርሙሱ ላይ 90 በመቶና ከዚያ በላይ መሆኑን አንብቡ። 70 በመቶው ለቁስል ይሆናል፤ ለማዘርቦርድ ግን ውኃው ይበዛበታል።

ካርቶኑ ከመከፈቱ በፊት

ክፍሉን ቀን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ማታ በእጅ ባትሪ ግቡና ግድግዳውን፣ የኮርኒሱን ጠርዝ፣ የመስኮቱን ደፍ፣ ኬብል የሚገባበትን ቀዳዳ ተመልከቱ። ከግድግዳው ሥር ሩዝ የሚያክል ጥቁር ነገር የቤት አይጥ ኩስ ነው። ከዚያ የሚተልቀው የአይጠ መጎጥ ነው። ጫፉ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው ደግሞ የእንሽላሊት። በእጅ ስትፈጩት እንደ ዱቄት የሚፈርስና የሚያብለጨልጭ ከሆነ የሌሊት ወፍ ነው፤ በባዶ እጅ ግን አትሞክሩት።

የቤት አይጥ 6 ሚሊሜትር በሆነ ቀዳዳ ትገባለች። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን። በፎም ወይም በጨርቅ ብቻ የተደፈነን ቀርጥፋ ታልፋለች፤ የድስት መፈግፈጊያ የብረት ሽቦ ጎስጉሳችሁ ላዩን በሲሚንቶ ወይም በሲሊኮን ዝጉት። የበሩ ሥር ክፍተት ላይ የቆርቆሮ ቁራጭ ይመታበት። የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፣ ስለዚህም ስትቀረጥፍ ትኖራለች፤ ኬብል የምትበላው ርቧት አይደለም። ለዚህ ነው ምግብ ክፍል ውስጥ መከልከል ብቻውን ኬብል የማያድነው። ኬብሉ በብረት ወይም በወፍራም ፒቪሲ ቱቦ ውስጥ ይሂድ።

የተቀረጠፈ የኔትወርክ ኬብል ሁልጊዜ ሙሉ በሙሉ አይሞትም። አንድ ጊጋቢት የነበረው ግንኙነት ያለ ምክንያት 100 ሜጋቢት ሆኖ ከተገኘ ከአራቱ የሽቦ ጥንዶች አንዱ መበጠሱን ጠርጥሩ፤ ጊጋቢት አራቱንም ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት በሁለት ይሠራል። ኮምፒውተሩ ላይ ሰዓታት ከማጥፋት ኬብሉን በእጅ እየዳበሱ መሄድ ይቀድማል።

የአይጥ መርዝ አንመክርም። መርዝ የበላችው አይጥ ኮርኒስ ውስጥ ሞታ ክፍሉን ለሁለት ሳምንት ታሸታለች፤ የበላቻት ድመት ወይም ጉጉትም አብራ ትጎዳለች፣ የአይጥ ዋነኛ ጠላትም እነዚያ ናቸው። የሽቦ ወጥመድ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ፣ ማታለያው ወደ ግድግዳው ዞሮ ይቀመጥ፤ አይጥ ግድግዳ ታካ ነው የምትሄደው። ኩሷን በደረቁ አትጥረጉ። መስኮትና በር ከፍታችሁ 30 ደቂቃ ቆዩ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አርሱት፣ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በጓንት በወረቀት ሰብስቡ። በረኪናው ግን ማሽን አጠገብ አይረጭ፤ ብረት ይበላል።

ምስጥን በተመለከተ አንድ ሕግ ይበቃል፦ ካርቶን መሬት ላይ አይደር። በካርቶን የተከማቸ መለዋወጫ ለምስጥ ድግስ ነው። ጠረጴዛው የብረት እግር ቢኖረው፣ ከግድግዳው 15 ሴንቲሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው፤ ርቀቱ የጭቃ መተላለፊያቸውን ሲሠሩ ያሳያል፣ ለመጥረግም ይመቻል። ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመር ካያችሁ ጥቂት ሴንቲሜትር አፍርሳችሁ በሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ከጠገኑት አሉ ማለት ነው።

ጉንዳን

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይኸኛው ነው። ጉንዳን ወደ ማሽን የሚገባው ሙቀትና መጠለያ ፍለጋ ነው። አንዱ በሁለት የኤሌክትሪክ መገናኛ መካከል ገብቶ ሲያዝ የድንጋጤ ሽታ ይለቃል፤ ሽታው ሌሎቹን ይጠራል፣ እነሱም ይያዛሉ፣ ሬሳው እየተከመረ መገናኛውን ይዘጋዋል ወይም ያገናኘዋል። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች የተስፋፋው ቡናማው ጉንዳን በዚህ ጠባዩ የታወቀ ነው፤ ሌሎች ዝርያዎችም ይህንኑ ያደርጋሉ።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ የማብሪያው ቁልፍ ይጫናል እንጂ አይነካም፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑን በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ውስጥ ሪሌው (መቀያየሪያው) ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ራውተሩ በየደቂቃው ይነሳል ይወድቃል፤ ወይም የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ ሽታ ይመጣል።

ይህን ስታዩ ማሽኑን ከሶኬት ንቀሉና ወደ ውጭ አውጡት። ጥላ ውስጥ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጡትና አሳድሩት። ሲቀዘቅዝ ብዙዎቹ ራሳቸው ለቅቀው ይወጣሉ፤ ነጩ ጨርቅ ደግሞ ምን ያህል እንደነበሩ ያሳያችኋል። በማግሥቱ ክፈቱት። ነጫጭ እንቁላልና እጭ ካገኛችሁ መሸጋገሪያ ሳይሆን ጎጆ አድርገውታል፤ በብሩሽ ጠርጋችሁ አውጡ። አየር ስትነፉ የማቀዝቀዣውን ፋን ክንፍ በጣት ያዙ፤ ያለ ልክ ከተሽከረከረ መዘውሩ ይጎዳል፣ ራሱም ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ከዚያ ማዘርቦርዱን በአይሶፕሮፒል በራሰ ለስላሳ ብሩሽ አጥቡት፣ በተለይ የራም ማስገቢያውንና የኃይል መሰኪያውን። ቢያንስ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ችኮላ እዚህ ላይ ነው ማሽን የሚገድለው።

ፓወር ሰፕላዩን (ከሶኬት የመጣውን ኃይል ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለውን ሣጥን) ግን ሙያው የሌለው ሰው አይፍታው። ከሶኬት ተነቅሎም እንኳ ውስጡ ያሉት ትላልቅ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በወንፊቱ በኩል ከውጭ ንፉት፤ አልሠራ ካለ ሙሉውን ቀይሩት። ፀረ ተባይ ማሽን ላይ መርጨትም አይሞከር፤ የሚረጨው ፈሳሽ ተቀጣጣይ ነው፣ ዘይት መሰል ሽፋን ይተዋል፣ አንዳንዱ ፕላስቲክ ያሟሟል፣ አቧራ ደግሞ ይለጠፍበታል። ናፍታሊንም እንዲሁ፦ ልጆች የሚማሩበት ዝግ ክፍል ውስጥ ጭሱ መርዝ ነው።

መመለሳቸውን የሚያስቀረው መንገዳቸውን መቁረጥ ነው። ዲቫይደሩን ከወለል አንሥታችሁ ከጠረጴዛው ሥር ስቀሉት። የጠረጴዛውን እግሮች ጣሳ ውስጥ አቁሙና ያገለገለ ዘይት ጨምሩበት። ውኃ አይሁን፤ ኤደስ በጣሳ ውኃ ትራባለች፣ ጉንዳን አስወግዳችሁ የደንጊ በሽታ ትጠራላችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ድልድይ ኬብሉ ነው። ከግድግዳ በሚነሣበት ቦታ ኬብሉን በናስትሮ ጠቅልሉና በናስትሮው ላይ አራት ሴንቲሜትር ያህል ቫዝሊን ቀቡ። አቧራ ሲሸፍነው መንገድ ይሆናል፤ በየሁለት ሳምንቱ ተጠርጎ ይታደስ።

ጎጆውን ለማጥፋት ቦሪክ አሲድ ይሠራል፣ ግን በስሱ። ለአንድ ሊትር ውኃ 10 ግራም ቦሪክ አሲድና 100 ግራም ስኳር ይሟሟበት። አወፍሬ ልጨምርበት የሚል ሰው ይሸወዳል፦ የጠነከረው ድብልቅ ጉንዳኑን መንገድ ላይ ይገድለዋል፣ ለንግሥቲቱ አይደርስም። ጥጥ ነክራችሁ በጠባብ ቀዳዳ ክዳን ባለው ዕቃ ከክፍሉ ውጭ፣ በመንገዳቸው ላይ አኑሩ። ልጅና ከብት የማይደርስበት ይሁን። መጀመሪያ ይብሳሉ፤ ውጤቱ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል።

እንሽላሊት፣ ተርብ፣ ንብ

የቤት እንሽላሊት ትንኝና የእሳት ራት ትበላለችና መግደል ኪሳራ ነው። ችግሯ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ወደ መደበኛ መብራት የሚቀይረው መሣሪያ) እና ሶኬት ውስጥ ገብታ ሁለት መገናኛ በአንድ ጊዜ ስትነካ ነው፤ እሷም ትሞታለች፣ ኢንቨርተሩም። የኢንቨርተሩ አየር ማስገቢያ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ዓይን ያለው የማይዝግ ሽቦ ወንፊት በውጭ በኩል አስሩ። ከዚያ የጠበበ ወንፊት በአቧራ ተደፍኖ ኢንቨርተሩን ያፍነዋል። ኪቦርድና ላፕቶፕ ማታ በጥጥ ጨርቅ ይሸፈኑ። ፕላስቲክ እርጥበት ያምቃል፤ ጨርቁም ቢሆን ማሽኑ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው የሚለብሰው።

ጭቃ ሠሪዋ ተርብ ባዶ የኔትወርክ ወይም የዩኤስቢ ቀዳዳ ካገኘች በጭቃ ትሞላዋለች። የማይሠራባቸውን ቀዳዳዎች ሁሉ በናስትሮ ዝጉ። ጭቃው ከተገኘ ውኃ ሳይነካው በእንጨት ስንጥር ይፈርፈር። ወረቀት መሰል ጎጆ የሚሠሩት ተርቦች ደግሞ የሶላር ፓነል ሥር ይወዳሉ፤ እጅ ከመስደዳችሁ በፊት ከሩቅ በመስታወት ወይም በስልክ ካሜራ እዩ። ንብ ከሰፈረ አትንኩት፣ ንብ አናቢ ጥሩ። ካጠቃችሁ እጃችሁን ሳታወናጭፉ ሮጣችሁ የሚዘጋ ቤት ግቡ፤ ውኃ ውስጥ መዝለል አይጠቅምም፣ ብቅ እስክትሉ ይጠብቃሉ።

መብራቱ

የሶላር ስሌቱ ቀላል ነው፣ ግን ሰው ሁሉ የሚያሳንሰው ባትሪውን ነው። 30 ዋት የሚወስዱ 10 ላፕቶፖች በቀን 4 ሰዓት ቢሠሩ 1200 ዋት-ሰዓት ይሆናል። የኢንቨርተር ብክነት ሲጨመር ወደ 1400። የሊድ-አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራልና ድርብ ያስፈልጋል፦ 2800 ዋት-ሰዓት፤ ባለ 12 ቮልት 120 አምፔር-ሰዓት ሁለት ባትሪ ማለት ነው። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ከሆነ 80 በመቶውን መጠቀም ስለሚቻል 1750 ይበቃል። ፓነሉ፣ በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ አለ ካልንና 30 በመቶ ለብክነት ከተውን፣ 400 ዋት። ደመና ለሚበዛበት ወቅት ጨምሩበት።

ባትሪው ሳጥን ውስጥ ሲገባ አይጥ እንዳትገባ ተብሎ ሙሉ በሙሉ የሚደፈንበት ጊዜ አለ፤ ይህ አደገኛ ነው። ሊድ-አሲድ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይለቃል። ከላይና ከታች አየር መተላለፊያ ይኑረውና ሁለቱም ዓይኑ ከ6 ሚሊሜትር ባነሰ ሽቦ ወንፊት ይሸፈኑ።

ፓነል ላይ የወፍ ኩስ አንዲት ሴል ብቻ ቢሸፍን እንኳ በተከታታይ የተያያዙትን ሁሉ ይጎትታል። ጠዋት ገና ሳይግል በንጹሕ ውኃ ይታጠብ። የጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል። ጦጣ ባለበት አገር ከጣሪያው የሚወርደው ኬብል ሁሉ ብረት ቱቦ ይልበስ፤ የተንጠለጠለ ኬብል ለጦጣ ገመድ ነው።

ኮርኒስ ላይ የሌሊት ወፍ

አትግደሏቸው። በብዙ አገር በሕግ የተጠበቁ ናቸው፣ ትንኝና የእሳት ራት ይበላሉ፣ የሞተችውም ኮርኒስ ውስጥ ትበሰብሳለች። ኩሳቸው ግን ማሽን ላይ ሲወድቅ ብረት ያዝጋል፤ ደርቆ አቧራው ሲተነፈስም ሂስቶፕላዝሞሲስ የተባለ የሳንባ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ኮርኒስ ላይ የሚወጣ ሰው ኤን95 ማስክና ጓንት ያድርግ፣ ኩሱን በውኃ አርሶ ይሰብስብ፤ ኮምፒውተሮቹ ከዚያ በፊት ከክፍሉ ይውጡ።

ማስወጣቱ እንዲህ ነው። ሲመሽ ውጭ ቆማችሁ የሚወጡበትን ቀዳዳ ለዩ። ሌሎቹን ክፍተቶች በሙሉ ዝጉ። በዋናው መውጫ ላይ ከላይና ከጎን የተቸነከረ፣ ከታች ግማሽ ሜትር ያህል የተንጠለጠለ መረብ ስቀሉ፤ ተንሸራትተው ይወጣሉ፣ መልሰው መግባት ግን አይሆንላቸውም። ሳምንት ያህል ቆዩና ድፈኑት። ይህ ግልገል ባለበት ወቅት አይደረግም፤ መብረር ያልቻሉት ውስጥ ቀርተው ያልቃሉ። ወቅቱን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል፣ ጠይቁ። ጉጉትን፣ እንሽላሊትን ወይም እባብን መግደል በአካባቢው ነውር ወይም እርም መሆን አለመሆኑንም አብራችሁ ጠይቁ። የማኅበረሰቡን ቃል ሳይሰሙ የገደሉት እንስሳ ከሞተው ኮምፒውተር ይልቅ ሥራችሁን ያበላሻል።

እናንተ ስትነከሱ

ሌሊት ወፍ፣ ጦጣ፣ ውሻ ቢነክስ ወይም ቢቧጭር፣ ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ቢያክልም፣ ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ተቋም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ ወዲያ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል። በእስያ የማካክ ጦጣ ንክሻ ሄርፐስ ቢ የተባለ ቫይረስም ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለሐኪሙ የጦጣውን ዓይነት ተናገሩ። ጦጣን የሚያጀግነው ምግብ ነው፤ አንድ ጊዜ ሙዝ ያጎረሱት ጦጣ በሚቀጥለው ሳምንት የላፕቶፕ ቦርሳ ይበረብራል። ዓይኑን ትኩር ብላችሁ አትዩ፣ ጥርስ አታሳዩ።

እባብ ሰው የሚነድፈው ብዙውን ጊዜ ሲረገጥ ወይም እጅ ሲገባበት ነው። ስለዚህ ከጠረጴዛ ጀርባ፣ ከባትሪ ሳጥን ሥር፣ ከተከመረ ዕቃ መካከል እጃችሁን በጭፍን አትላኩ፤ መጀመሪያ በዱላ ቀስቅሱ፣ ባትሪ አብሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ከ81,000 እስከ 138,000 ሰው በእባብ እንደሚሞት ይገምታል፤ ሐኪም ቤት ዘግይቶ መድረስ አደጋውን ያብሰዋል። የተነደፈው ሰው ይረጋጋ፣ የተነደፈው እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ ሁሉ በእንጨት ይታሰርና አይንቀሳቀስ፣ ቀለበትና ሰዓት ከማበጡ በፊት ይውለቅ። በገመድ ማነቅ፣ በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ ጉዳት ነው። እባቡን ለማሳየት ብሎ ማሳደድ ሁለተኛ ሰው ያስነድፋል፤ ከሩቅ ፎቶ ከተገኘ ጥሩ፣ ካልተገኘም ሐኪሙ በምልክቱ ያክማል። ምራቅ የሚተፋ ኮብራ ዓይን ካገኘ ሳታሹ በብዙ ውኃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ። ከመጀመሪያው ሳምንት ሳያልፍ የትኛው ሆስፒታል የእባብ መርዝ ማርከሻ እንዳለው፣ ሌሊት መኪና ከማን እንደሚገኝ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉ።

ጊንጥ በአልትራቫዮሌት ብርሃን አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ከ365 እስከ 395 ናኖሜትር ያለው የእጅ ባትሪ ማታ ግድግዳውንና የተጠቀለለውን ኬብል ለማየት ይበቃል። ጫማ ከመልበሳችሁ በፊት አራግፉ። በዝሆንና በጉማሬ አገር ደግሞ ሕጉ አጭር ነው፦ ከመሸ በእግር አትሂዱ። ጉማሬ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ ይግጣል፣ በእሱና በውኃው መካከል መገኘት ነው የሚያስገድለው። የማታ ትምህርት ካለ ተማሪው ሳይመሽ ቤቱ የሚደርስበት ሰዓት ይመረጥ።

ማስተማሪያና ማስረከብ

ኢንተርኔት በሌለበት ራስፕቤሪ ፓይ 4 በተባለው ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ኪዊክስና ኮሊብሪ (ዊኪፒዲያንና ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት የሚያሳዩ ፕሮግራሞች) ጭኖ በዋይፋይ ማሰራጨት ተመራጭ ነው። 5 ቮልት 3 አምፔር ይበቃዋል፤ ፋን በሌለው ዝግ የአሉሚኒየም ቤት ውስጥ ሲገባ ጉንዳን የሚገባበት ቀዳዳ ከሞላ ጎደል አይኖረውም። መብራት በድንገት ሲጠፋ ኤስዲ ካርድ ይበላሻል፣ ስለዚህ ከኤስኤስዲ ይነሣ። የዊኪፒዲያ ፋይሉን በፍላሽ ስትወስዱ ፍላሹ ፋት32 በተባለው የፋይል አቀማመጥ ፎርማት የተደረገ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ፎርማቱን ኤክስፋት አድርጉት። ላፕቶፑ ቀኑን 2010 ወይም ሌላ የቆየ ዓመት ካሳየ ሲአር 2032ቷን ቀይሩ፤ ቀኑ ሲሳሳት ደኅንነታቸው የተጠበቀ ድረ ገጾች አልከፈትም ይላሉ።

ስፕሬድሺት ለማስተማር ከደመወዝ ሠንጠረዥ ይልቅ የአካባቢው እንስሳት መዝገብ ይሻላል። ዓምዶቹ ቀን፣ ሰዓት፣ የእንስሳው የአካባቢ ስም፣ ብዛት፣ የታየበት ቦታ ይሁኑ። ልጆቹ ከእናንተ በላይ ያውቃሉ፣ መደርደርና ግራፍ መሥራትም በራሳቸው መረጃ ሲሆን ቶሎ ይገባቸዋል። አውራሪስ፣ ፓንጎሊን ወይም ሌላ የሚታደን እንስሳ ካለ ግን የታየበት ቦታ ዓምድ ይውጣ፤ ከፎቶውም የጂፒኤስ መረጃ ይጥፋ። ስልክ ላይ ካሜራው ቦታ እንዳይመዘግብ ማድረግ፣ የተነሣውን ደግሞ ከመለጠፉ በፊት ማጽዳት ይቻላል። አዳኝም ኢንተርኔት ያነባል።

ስትመለሱ ክፍሉን የሚረከበው ሰው አንድ ብቻ አይሁን፤ አንዱ ሲዛወር ቁልፉም እውቀቱም አብሮ ይሄዳል። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሥራውን በጊዜ ከፍሉት። በየቀኑ ክፍሉ ይጠረግ፣ ሁሉም ከሶኬት ይነቀል፣ መብረቅ በሚመጣበት ወቅት የኔትወርኩም ኬብል ጭምር። በየሳምንቱ ጣሳው ዘይት ይታይ፣ ወጥመዱ ይፈተሽ። በየሁለት ሳምንቱ የኬብሉ ቫዝሊን ይታደስ። በየወሩ ወንፊቱ ይጽዳ፣ ፓነሉ ይታጠብ፣ የባትሪው ቮልት ካረፈ በኋላ ይለካ፤ ባለ 12 ቮልት ሊድ-አሲድ 12.7 ሲያሳይ ሙሉ ነው፣ 12.1 ሲያሳይ ግማሽ ላይ ነው። መለዋወጫው ክዳን ባለው የብረት ሣጥን ከእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጋር ይቀመጥ፦ ሁለት ቻርጀር፣ አንድ ፓወር ሰፕላይ፣ አንድ ራውተር፣ የኔትወርክ ጫፎች፣ አምስት ሲአር 2032። የብልሽት መዝገቡ ላይ «ምን ተበላሸ» እና «ምን ተደረገ» ከሚሉት ጎን «ውስጡ ምን ተገኘ» የሚል ዓምድ ጨምሩበት፤ ሦስት ወር ሲሞላ የትኛው ቀዳዳ እንዳልተደፈነ ከዚያ ይነበባል።